ያዘዘ ሠራ ይባላልን?

በቋንቋችን «ሠራ» እና «አሠራ» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለችው ልዩነት አንዲት ፊደል ብቻ ናት። ይሁን እንጂ ይህች ፊደል የተሸከመችው ነገር ቀላል አይደለም። ቤቱን የሠራው አናጢው ነው፤ ያሠራው ባለቤቱ ነው። ሸማውን የሠራው ሸማኔው ነው፤ ያሠራችው እመቤቲቱ ናት። በዕለት ንግግራችን ግን ይህን ልዩነት ዘወትር አንጠብቀውም። የጎንደርን ግንብ ማን ሠራው ተብሎ ቢጠየቅ ሕፃኑም ሽማግሌውም ዐፄ ፋሲል ብሎ ይመልሳል እንጂ ድንጋዩን የጠረበውን፣ ኖራውን ያቦካውን ሰው የሚያነሣ የለም። ንጉሡ ድንጋይ እንዳልተሸከሙ ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን አሳቡና ትእዛዙ ከእርሳቸው ስለ ወጣ ሥራው የእርሳቸው ነው ይባላል። እንግዲህ ያዘዘ ሰው ሠራ ሊባል የሚገባው መቼ ነው? የማይገባውስ መቼ ነው?

ጥያቄው የቈየ ነው፤ በዘመናችን ግን ማንም ባልጠበቀው ስፍራ እንደ አዲስ ተነሥቷል። ይኸውም በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ለጀማሪ ተማሪዎች የድረ ገጽ ኮድ አጻጻፍንና በኮምፒዩተር የሚሠራውን ረቂቅ ሥዕል አጣምሮ በሚያስተምረው ክፍል ውስጥ ነው። ረቂቅ ሥዕል ስል አብስትራክት የሚሉትን፣ ሰው ወይም ፈረስ ወይም ተራራ የማይታይበትን፣ መስመርና ቀለም ብቻ የሚታዩበትን የሥዕል ዓይነት ማለቴ ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት በላይ ላዩ ሲታይ የወጣቶች ጨዋታ ይመስላል። ጠልቆ ለተመለከተው ሰው ግን መምህሩ በየሳምንቱ ከባድ የሕሊና ጥያቄ የሚቀርብበት ትምህርት ነው።

ነገሩን በቅርብ ላላየው አንባቢ አሠራሩን ላስረዳ። ተማሪው ብሩሽ አይጨብጥም፤ ቀለምም አይበጠብጥም። የሚጽፈው ትእዛዝ ነው። አንድ ድረ ገጽ በሦስት ዓይነት ጽሑፍ ይቆማል፤ ኤችቲኤምኤል የሚባለው በገጹ ላይ ምን ምን እንደሚገኝ ይናገራል፤ ሲኤስኤስ የሚባለው የእያንዳንዱን ነገር መልክና ስፍራ ይወስናል፤ ጃቫስክሪፕት የሚባለው ደግሞ ገጹ ምን እንዲያደርግ ያዛል። ተማሪው በገጹ ላይ እንደ ሸራ የሚያገለግል አራት ማዕዘን ስፍራ ይከልላል። በዚያ ስፍራ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ በሁለት ቁጥሮች ትታወቃለች፤ አንዱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች ይቈጠራል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቁጥሩ ወደ ላይ ሲያድግ የለመደ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ሥዕሉ ተገልብጦ ሲወጣ መደንገጡ አይቀርም። ቀለምም እንዲሁ በቁጥር ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ተመዝነው ሲቀላቀሉ 16,777,216 ቀለማት ሊወጡ ይችላሉ። አንድን ክብ መቶ ጊዜ ደጋግሞ እንዲሥል፣ በየጊዜውም ጥቂት ወደ ቀኝ ፈቀቅ እንዲል ለማዘዝ ሦስት ወይም አራት መስመር ጽሑፍ ይበቃል። ከዚህም አልፎ ስፍራውን ወይም ቀለሙን ኮምፒዩተሩ ራሱ በዕጣ እንዲያወጣው ማዘዝ ይቻላል። ሥዕሉ ከመቅጽበት ይታያል። የተማሪው እጅ ግን አንዲት መስመር እንኳ አልሣለም።

ይህ ትምህርት የዛሬውን መልክ የያዘው በአሜሪካ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ያስተምሩ የነበሩት ጆን ማዬዳ በ1999 ለሠዓሊዎችና ለጀማሪዎች የሚሆን አንድ ቀላል የትእዛዝ ቋንቋ ከነመጽሐፉ አወጡ። ሸራው 100 በ100 ነጥብ ብቻ ነበር፤ ቀለሙም ከነጭ እስከ ጥቁር ያለው ግራጫ ሲሆን እርሱም ከ0 እስከ 100 ይቈጠር ነበር። ሆን ተብሎ ጠባብ የተደረገ ሸራ ነው። ተማሪዎቻቸው የነበሩት ኬሲ ሪስና ቤን ፍራይ በ2001 ፕሮሰሲንግ የተባለውን ጀመሩ፤ ይህንኑ አሳብ ደግሞ ሎረን መካርቲ ከ2013 ጀምሮ ፒ5 ጄኤስ በሚል ስም ወደ ድረ ገጽ አመጡት። ከዚያ ወዲህ ብራውዘር ያለው ኮምፒዩተር ያገኘ ተማሪ ሁሉ ሌላ ነገር ሳይገዛ ሊማረው ይችላል።

ጥያቄው ራሱ ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። በ1965 በየካቲት ወር ገደማ በጀርመን አገር በሽቱትጋርት ከተማ፣ በቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ ጌኦርግ ኔስ የተባሉ የሒሳብ ሰው በኮምፒዩተር ትእዛዝ የተሣሉ ሥዕሎችን ለሕዝብ አሳዩ። ስፍራውን የሰጡት ፈላስፋው ፕሮፌሰር ማክስ ቤንዘ ነበሩ። በዚያ የተገኙት ሠዓሊዎች ሥራውን አይተው እጅግ ተቈጡ። ፕሮፌሰሩም ቊጣውን ለማብረድ ይህ እናንተ የምትሠሩት ጥበብ ሳይሆን ሰው ሠራሽ ጥበብ ነው በማለት ሌላ ስም አወጡለት ይባላል። በእኔ አስተያየት ስም መለወጡ ለዚያ ምሽት ሰላም በቅቶ ሊሆን ይችላል እንጂ ለጥያቄው መልስ አይሆንም። ደግሞስ ሰው የማይሠራው ጥበብ የትኛው ነው?

በዚያው በ1965 በአሜሪካ ሌላ ክርክር ነበር። የቤል ቤተ ሙከራ መሐንዲስ የነበሩት ሚስተር ማይክል ኖል በኮምፒዩተር ያወጡትን ሥዕል በስማቸው ለማስመዝገብ ለደራሲ መብት ጽሕፈት ቤት አመለከቱ። ጽሕፈት ቤቱ ሥዕሉን የሠራው መሣሪያ ነው ሲል አልመዘግብም አለ። እርሳቸውም ትእዛዙን የጻፈው ሰው ነው ብለው አስረዱ። እንደገናም በሥዕሉ ውስጥ በዕጣ የወጣ ነገር አለበት የሚል ተቃውሞ ቀረበ። ሚስተር ኖልም ዕጣ የሚመስለው ቁጥር ራሱ ሰው በጻፈው የሒሳብ ደንብ የሚወጣ መሆኑን ሲያስረዱ በመጨረሻ ምዝገባው ተፈቀደ። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህ የጽሕፈት ቤት ምልልስ ከብዙ የፍልስፍና መጽሐፍ ይበልጥ ጥያቄውን ያጠራዋል፤ መዝጋቢው ሹም የጠየቃቸው ሁለቱም ነገሮች ተገቢ ነበሩና።

እኒሁ ሰው ሌላም ፈተና አድርገው ውጤቱን በ1966 አሳትመዋል። የሆላንዱ ሠዓሊ ፒት ሞንድሪያን በ1917 የሣሉትን የመስመር ሥዕልና ኮምፒዩተር ያወጣውን መሳይ ሥዕል ጐን ለጐን አድርገው ለ100 ሰዎች አሳዩ። ከእነዚህ ውስጥ 59ኙ የኮምፒዩተሩን ሥዕል አብልጠው ወደዱ። የትኛው የኮምፒዩተር እንደ ሆነ በትክክል የለዩት ግን 28 ብቻ ነበሩ። ሳንቲም ወርውሮ የገመተ ሰው እንኳ ከዚህ በበለጠ ያገኝ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ሥዕሉን ብቻ አፍጥጦ በማየት ሠሪውን ማወቅ እንደማይቻል ነው። ብዙ ሰዎች በዚህ ላይ ሲከራከሩ ሥዕሉን በመካከል አስቀምጠው ነፍስ አለው ወይስ የለውም እያሉ ይመረምሩታል። ፍሬ የሌለው ድካም ነው። መጠየቅ ያለበት ሥዕሉ ሳይሆን ሰውየው ነው። ይህን ካልን ግን ምን ብለን እንጠይቀው የሚለው ይከተላል።

አንዳንዶች ያዘዘ ሁሉ ሠርቷል፤ እጅ የአሳብ ሎሌ ናት ይላሉ። ለዚህም አሜሪካዊውን ሶል ለዊትን ምስክር ያቀርባሉ። እኒህ ሠዓሊ ከ1968 ጀምሮ ብዙ የግድግዳ ሥዕሎችን በጽሑፍ መመሪያ ብቻ አዘጋጅተዋል፤ መስመሮቹን በግድግዳው ላይ የሚያሰምሩት ሌሎች ሰዎች ነበሩ። በ2007 ካረፉም በኋላ ሥዕሎቻቸው በመመሪያው መሠረት በአዳዲስ ግድግዳዎች ላይ መሣላቸው አልተቋረጠም። ሥራው የእርሳቸው መሆኑን የሚጠራጠር የለም። ምስክርነቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባውም። የለዊት መመሪያ የለዊት ነበር። እያንዳንዱ ቃል ለምን እንደ ገባ፣ ቢወጣ ምን እንደሚጐድል ያውቁ ነበር። ትእዛዙ ሥራ የሆነው አዛዡ አስቦ ስለ ጻፈው ነው።

ከዚህም ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ የወይዘሮ ቬራ ሞልናር ታሪክ ነው። እኒህ ሴት በ1924 በቡዳፔስት ተወልደው አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በፓሪስ የኖሩ ሠዓሊ ናቸው። ከ1959 ጀምሮ፣ ኮምፒዩተር በእጃቸው ሳይገባ፣ የአሳብ መኪና ብለው የሰየሙትን አሠራር ይከተሉ ነበር። ይኸውም ለራሳቸው ደንብ ያወጣሉ፤ ከዚያም ደንቡን አንዳች ሳያዛንፉ በገዛ እጃቸው ይፈጽማሉ። አዛዧም ታዛዧም እርሳቸው ነበሩ ማለት ነው። እውነተኛውን ኮምፒዩተር ያገኙት በ1968 ነው። በ1974 የሠሯቸው ሥዕሎች አንዱ በሌላው ውስጥ የተደራረቡ አራት ማዕዘኖች ናቸው፤ ሥርዓቱ እንዳለ ሆኖ በየስፍራው ጥቂት መዛባት ገብቶበታል። መዛባቱ በዕጣ ይመጣል፤ ምን ያህል ይሁን የሚለውን ግን የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው። ወይዘሮ ሞልናር በ2023 በ99 ዓመታቸው አርፈዋል። ኮምፒዩተሩ ሲመጣ የለወጠው ነገር ቢኖር ፍጥነቱን ነው፤ ሠሪነታቸው ቀድሞም ነበር፣ ኋላም አልጐደለም።

ወደ ተማሪው እንመለስ። ጀማሪ ተማሪ ደንብ አውጪ ሆኖ አይመጣም፤ ገልባጭ ሆኖ ነው የሚጀምረው። ድረ ገጽ ደግሞ ለመገልበጥ እጅግ የተመቸ ነው። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 በስዊዘርላንድ በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ተቋም ውስጥ አሳቡን ካቀረቡ በኋላ ተቋሙ በሚያዝያ 30 ቀን 1993 ይህን ጥበብ ማንም ያለ ክፍያ እንዲገለገልበት ለዓለም ለቀቀው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በብራውዘር የሚታየው ገጽ ሁሉ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ለጠየቀው ሰው ያሳያል። በዓለም ላይ ያሉ ብዙ የድረ ገጽ ሠሪዎች የተማሩት በዚህ መንገድ፣ የሌላውን ጽሑፍ ከፍተው እያዩ፣ እየገለበጡና እየነካኩ ነው። ስለዚህ መገልበጥ ሁሉ ስርቆት ነው የሚል መምህር ተማሪውን ከምንጩ ይከለክለዋል።

የአገራችን የቤተ ክህነት ትምህርት ይህን ነገር በሚገባ ያውቀዋል። በንባብ ቤት ተማሪው መምህሩ ያለውን ይላል፤ በዜማ ቤትም ከመምህሩ ድምፅ ወዲያና ወዲህ ማለት አይፈቀድለትም። ይህን ኵረጃ ነው የሚለው የለም። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ሕጉ ይለወጣል። በዚያ ተማሪው ብቻውን ዛፍ ሥር ወይም ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል፤ ቀርቦም ለመምህሩ ይነግራል። ትናንት ሌላ ሰው የተቀኘውን ዛሬ የእኔ ነው ብሎ ማምጣት ነውር ነው። ከሁሉም በላይ መምህሩ ሰሙ ምንድን ነው፣ ወርቁስ ወዴት አለ፣ ይህ ቃል ለምን እዚህ ገባ ብሎ ሲጠይቅ ተማሪው መልስ ሊኖረው ይገባል። ቃሉ ያማረ ሆኖ ምሥጢሩን ማስረዳት ካልቻለ መምህሩ አይቀበለውም። እንግዲህ ሁለቱ ቤቶች ሁለት ዓይነት ሕግ ያላቸው አንዱ ትክክል ሌላው ስሕተት ስለ ሆነ አይደለም፤ ጊዜያቸው ስለሚለያይ ነው። የኮድ መምህር ችግሩ ንባብ ቤትና ቅኔ ቤት በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ወንበር ላይ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰዓት ውስጥ መቀላቀላቸው ነው።

የገለበጠውን ሳይረዳ የሚገለገልበት ተማሪ በአንገቱ ክታብ ያሰረ ሰው ይመስላል። በውስጡ የተጻፈውን አያነበውም፤ ቢያነበውም አያውቀውም፤ ብቻ ይሠራል ተብሏልና ያስረዋል። የኮዱ ቃላት የእንግሊዝኛ መሆናቸው ደግሞ ለክታብነቱ ይረዳዋል። (እንዲህ ያለው ነገር በኮምፒዩተር ክፍል ብቻ የሚገኝ አይምሰለን። በየመሥሪያ ቤቱ ከቀድሞ ደብዳቤ ላይ ስምና ቁጥር ብቻ እየተለወጠ የሚተላለፍ ደብዳቤ ሞልቷል፤ «በተጠቀሰው አኳኋን» የሚለው ሐረግ ምን እንደ ጠቀሰ ቢጠየቅ ጸሐፊውም ፈራሚውም የማይመልሱበት ጊዜ አለ።)

አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ፣ ኮድ መማር ካስፈለገ ጠቃሚ ነገር ለምን አይሠሩበትም፣ ረቂቅ ሥዕል ለምን ተመረጠ ሊል ይችላል። ተቃውሞው የቈየ ነው። ሠዓሊውና ገጣሚው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመልሰው ረቂቅ ሥዕላቸውን በአዲስ አበባ ባሳዩ ጊዜ፣ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ሲያስተምሩ፣ ይህ ምንድን ነው፣ ምንስ ይመስላል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። ይሁንና ረቂቅ መልክ ለእኛ እንግዳ ነው ለማለት የሚደፍር ሰው የጥበብ ቀሚስ ጥለት፣ የመሶብ ስፌት፣ በብራና መጻሕፍት ራስጌ የሚሣለውን ሐረግ አላየም። የጥለቱን መልክ ሸማኔው የሚያወጣው ክር በመቍጠር ነው፤ ይህን ያህል አንሣ፣ ይህን ያህል ዝለል፣ መልሰህ ድገም እያለ ነው። ኮድ ከመባሉ በቀር ምን ልዩነት አለው?

ረቂቅ ሥዕል ለጀማሪ የሚመረጥበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ፈረስ የሚሥል ተማሪ ስሕተቱን ፈረሱ ራሱ ይነግረዋል፤ እግሩ ቢያጥር፣ አንገቱ ቢጣመም ማንም ያየዋል። ክብና መስመር ብቻ ባለበት ሥዕል ግን ከውጭ የሚመጣ ዳኛ የለም። ሰማያዊው ለምን እዚህ ሆነ? ለምን ዐሥራ ሁለት ሆኑ፣ ዐሥር ለምን አልሆኑም? ለዚህ መልስ ያለው ተማሪው ብቻ ነው። እርሱ ካልመለሰ መልስ የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። ስለዚህ ይህ ትምህርት ሰነፍ ተማሪ በቀላሉ የሚሸሸግበት ስፍራ የሆነውን ያህል ትጉህ ተማሪ የገዛ ፍርዱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይበት ስፍራ ነው። ሁለቱም ከአንድ ምክንያት ይወጣሉ።

እዚህ ላይ ሳላነሣው ማለፍ የማልችለው በስሕተት የተገኘ መልካም ሥዕል ነው። ተማሪው መደመር ሲገባው የመቀነስ ምልክት ያስገባል፤ ወይም ሥዕሉን በየጊዜው የሚጠርገውን ትእዛዝ መጻፍ ይረሳና አሮጌው መስመር በአዲሱ ላይ እየተደራረበ እንደ ጢስ ያለ መልክ ይወጣል። ያልታሰበ ነው፤ ግን ከታሰበው ይበልጥ ያምራል። የማን ነው? አንዳንዶች የዕድል ነው፣ ነጥብ አይገባውም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በእጁ ወጣ፣ እንግዲህ የእርሱ ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱንም አልቀበልም። በመንገድ ላይ ወርቅ ያገኘ ሰው አገኘ ይባላል እንጂ አንጥረኛ ነው አይባልም፤ ሆኖም መዳቡን ጥሎ ወርቁን ማንሣቱ ዐይን እንዳለው ያሳያል። ተማሪው በዚያ ሥዕል ፊት ቆም ብሎ ከየት እንደ መጣ ፈልጎ፣ የተሳሳተችውን ምልክት አግኝቶ፣ ጠፍታ ስትመለስ ሥዕሉም ጠፍቶ እንደሚመለስ አይቶ፣ ትቈይ ብሎ ከወሰነ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሥራው የእርሱ ነው። ያን ሳያደርግ ቢያስረክበው ያገኘውን አስረከበ እንጂ የሠራውን አላስረከበም። ማግኘትም የሚናቅ አይደለም፤ ስሙ ግን ማግኘት ነው።

ይህ ሁሉ ክርክር ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ሌላ ክብደት አገኘ። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከተለቀቀ በኋላ በተራ ቋንቋ ተጠይቀው ኮዱን ራሳቸው የሚጽፉ መሣሪያዎች ለተማሪ ሁሉ ቀርበዋል። ቀድሞ ተማሪው ያዝዛል፣ ኮምፒዩተሩ ይሠራል። ዛሬ ተማሪው የሚያዝዝለትን ያዝዛል። ሰማያዊ ክቦች በዝግታ የሚንሳፈፉበት ገጽ አድርግልኝ ይላል፤ ኮዱ ተጽፎ ይመጣል፤ ሥዕሉም ይታያል። «ሠራ» ከሚለው ወደ «አሠራ» አንዲት ፊደል ነበረች፤ ከዚህ በኋላ ላለው ቋንቋችን ፊደል አላዘጋጀም።

ሕግ በበኩሉ መናገር ጀምሯል። ስቲቨን ታለር የተባሉ አሜሪካዊ መሣሪያቸው ብቻውን ያወጣውን ሥዕል በደራሲ መብት ለማስመዝገብ ጠይቀው ነበር፤ የዋሽንግተን የፌዴራል ፍርድ ቤት በነሐሴ 2023 ሰው ያልደረሰው ነገር የደራሲ መብት አያገኝም ሲል ወሰነ፤ ይግባኝ ሰሚውም በመጋቢት 2025 ውሳኔውን አጸናው። ሚስተር ኖል በ1965 የተጠየቁት ጥያቄ መሆኑን አንባቢ ያስተውላል፤ የተለየው መልሱ ነው፤ ኖል ትእዛዙን የጻፍሁት እኔ ነኝ ለማለት ችለው ነበርና። ሆኖም የሕግ ጥያቄ የባለቤትነት ጥያቄ ነው። መምህሩ ሥዕሉ የማን ንብረት ነው ብሎ አይጨነቅም። እርሱ የሚጨነቀው ስለሚሰጠው ነጥብ ነው።

ነጥብ ምንድን ነው? ሽልማት የሚመስለው ብዙ ሰው አለ። በእኔ አስተሳሰብ ነጥብ ምስክርነት ነው። መምህሩ በተማሪው ስም ትይዩ ፊደል ሲጽፍ፣ ይህ ሰው ይህን ማድረግ ይችላል ብሎ ለማያውቀው ሕዝብ ይመሰክራል። ነገ ያ ተማሪ የሆስፒታል ቀጠሮ የሚያዝበትን፣ ጡረተኛ ገንዘቡን የሚያይበትን ገጽ ይሠራ ይሆናል። በዚያ ገጽ ላይ አንዲት መስመር ስትበላሽና ሰዎች ሲቸገሩ፣ ይህች መስመር ለምን እዚህ ገባች ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል፤ አላውቅም፣ እንዲሁ ተጽፋ መጣችልኝ የሚል መልስ ግን ማንንም አይጠቅምም። የተጣመመ ክብ ማንንም አይጐዳም። ሰው ለጻፈው ትእዛዝ መልስ መስጠትን የሚለምድበት ስፍራ መኖር ካለበት፣ ጉዳት የሌለበት ይህ የክቦችና የመስመሮች ክፍል ከሁሉ የተሻለው ነው። በዚህ ያልተማረው በዚያ በጡረተኛው ላይ ይማራል።

ሌላም የፍትሕ ነገር አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ የተሻለውን መሣሪያ በየወሩ ዶላር ከፍሎ የሚገለገል ተማሪ አለ፤ ኮዱን በስልክ ላይ በአውራ ጣቱ የሚጽፍ፣ ኢንተርኔቱም እየተቋረጠበት የሚቸገር ተማሪም አለ። የፊተኛው የሚያስረክበው ሥዕል በብዙ ቀለም ያሸበረቀ፣ የሚንቀሳቀስ ይሆናል። የኋለኛው ስድስት መስመሮችንና አንድ ክብ ያመጣል፤ ሆኖም እያንዳንዷን ያውቃታል። ሥዕሉን ብቻ አይቶ ነጥብ የሚሰጥ መምህር ሳያስበው የሚመዝነው የአባትን ኪስ ነው። አዲሶቹን መሣሪያዎች ፈጽሞ መከልከልም መድኀኒት አይመስለኝም፤ መሣሪያ የተማሪ አስተማሪ ሊሆን ይችላል፤ የጻፈውንም መስመር በመስመር እንዲያስረዳው ለሚጠይቀው ሰው ደከመኝ አይልም። የሚያሳስበኝ ተማሪው ይህን መጠየቁ ወይም አለመጠየቁ ነው።

ስለዚህ ነጥቡ መሰጠት ያለበት ከንግግር ፈተና በኋላ ነው የሚል አቋም አለኝ። ወጪው ቀላል አለመሆኑን አልክድም። ሃምሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ለእያንዳንዱ ዐሥር ደቂቃ ቢሰጥ 500 ደቂቃ፣ ከስምንት ሰዓት በላይ ማለት ነው፤ ይህም ለአንድ ሥዕል ብቻ ነው። በሰው ፊት ምላሱ የሚተሳሰር ዓይን አፋር ተማሪም አለ፤ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰነፍ ከእርሱ በልጦ እንዳይገኝ ያሰጋል። ለዚህ የሚሻለው ከማስነገር ይልቅ ማስለወጥ ይመስለኛል።

ለምሳሌ ያህል ጌኦርግ ኔስ በ1968 የሠሩትን፣ ስሙ ጠጠር ማለት የሆነውን ሥዕል እንውሰድ፤ ለጀማሪዎች መልመጃ ሆኖ በብዛት ይሰጣል። በአንድ ረድፍ 12 አራት ማዕዘኖች፣ ወደ ታችም 22 ረድፎች አሉት፤ ባጠቃላይ 264 ናቸው። ከላይ ያሉት እንደ ወታደር ተሰልፈዋል፤ ወደ ታች በወረዱ ቍጥር እየዘመሙና እየተንሸራተቱ ይሄዳሉ፤ ከግርጌ ያሉት እንደ ፈረሰ ካብ ናቸው። ተማሪው ኮዱን ከየትም ያምጣው፤ ከመጽሐፍ ይገልብጠው፣ ከጓደኛው ይቀበለው፣ መሣሪያ ያስጽፈው። መምህሩ ግን አጠገቡ ተቀምጦ፣ መዛባቱ ከላይ መጀመሩ ቀርቶ ከዐሥረኛው ረድፍ ወዲህ እንዲጀምር አድርግ ይበለው። አንዳችም ነገር ከመለወጡ በፊት፣ ሲለወጥ የሚወጣውን መልክ በእርሳስ በወረቀት ላይ ያመልክት። ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ይለውጥ። የወጣው ሥዕል ከወረቀቱ ጋር ባይገጥም ሩብ ሰዓት ይሰጠውና ለምን እንዳልገጠመ ፈልጎ፣ ስፍራውን በጣቱ ያሳይ፤ ነጥቡም ከዚያ በኋላ ይጻፍ።